የማይጠገነው ፓወር ሰፕላይ፦ አንድ ሱቅና አንድ የጥገና ክፍል በባሕር ዳር

በባሕር ዳር ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ብዙም በማይርቅ ቦታ አራት ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች፣ ሁለት ፕሪንተሮችና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ይዤ የጽሕፈትና የኅትመት አገልግሎት መስጠት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ሁለት አገልግሎቶችን ነው፤ አንደኛው ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ በሚስማማ መልኩ ለውጦ የሚሰጠውን ሣጥን) የገዛሁበት የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንኑ ፓወር ሰፕላይ ተሸክሜ የሄድኩበት አንድ ጠባብ የጥገና ክፍል ነው። የሱቁን ስም አልጽፍም፤ ያው ዕቃ በሌሎች ሱቆች መደርደሪያ ላይም ተደርድሮ ስላየሁት አንዱን ነጥሎ መክሰስ ፍትሕ ሆኖ አልታየኝም። የጠጋኙን ስም የማልጽፈው ደግሞ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስላልፈለጉ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ ነው። ሰኔ ለእኛ ሥራ የዓመቱ ዋና ወቅት ነው፤ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አርመው፣ አትመውና አስጠርዘው የሚያስረክቡበት ጊዜ ከመሆኑ የተነሣ ከጠዋት እስከ ምሽት ወንበር የሚለቅ ሰው አይገኝም። ክረምቱም በነጎድጓድ የሚገባው በዚሁ ወር ነው። በአንድ ምሽት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ጊዜ ሲመለስ አምፖሎቹ ከወትሮው በላይ ቦግ አሉ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ኮምፒውተርም አጭር የፍንዳታ ድምፅ ተሰማ፣ ወዲያው የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ ክፍሉን ሞላው። የከተማችን ሰው ጢስ አባይ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ሲመነጭበት የኖረ ቦታ እንደሆነ፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስም ውኃውን የሚወስደው ከዚሁ ሐይቅ እንደሆነ እያነሣ መብራቱ ለምን እንደሚዋዥቅ ሲጠይቅ እሰማለሁ። ሆኖም ለምንጩ ቅርብ መሆን ብቻውን የሰፈሩን መስመርና ትራንስፎርመር አያስተካክልም፤ እኔም ይህን እያወቅሁ ለዚያ ኮምፒውተር ስታቢላይዘር ሳልገዛለት ዓመታትን ማሳለፌ የራሴ ጥፋት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። አስተናጋጁ ትሑት ወጣት ነው፤ ያመጣሁትን አሮጌ ፓወር ሰፕላይ አገላብጦ አይቶ "እትዬ፣ ይህ አልቆለታል፤ አዲስ ይውሰዱ" አለኝና ከመደርደሪያው ላይ ካርቶን አወረደ። ላዩ ላይ በትልቅ ቁጥር 500 ዋት ይላል። ዋጋው 1800 ብር ነበር። ደረሰኝ ሳልጠይቀው ቆርጦ ሰጠኝ፤ የስድስት ወር ዋስትና እንዳለው ነግሮ በአንዱ ብሎን ላይ ትንሽ ወረቀት ለጠፈበትና "ይህ ካልተቀደደ ችግር ቢመጣ እንቀይርልዎታለን" አለኝ። ከገባሁበት እስከ ወጣሁበት አሥር ደቂቃ አልሞላም። ለአቀባበሉ፣ ለፍጥነቱና ለደረሰኙ ምስጋና ይገባዋል፤ ብዙ ቦታ ደረሰኝ ለማግኘት መጨቃጨቅ ግድ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን አቅልሎ አያየውም።

ካርቶኑን በባጃጅ ይዤ ስመለስ ግን አንድ ነገር እጄ ላይ ተሰምቶኝ ነበር፤ ዕቃው ቀለለኝ። ከሥራ ቦታዬ ቀጥሎ ቡናና በርበሬ በኪሎ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ፤ በእሷ ሚዛን ላይ ሁለቱን ተራ በተራ አስቀመጥናቸው። የተቃጠለው አሮጌ 1 ኪሎ ከ350 ግራም፣ አዲሱ ደግሞ 610 ግራም መዘኑ። በአሮጌው ላይ የተጻፈው 300 ዋት ነው። 300 የሚለው 500 ከሚለው ከእጥፍ በላይ መክበዱ ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ስድስት ተማሪዎች በር ላይ ቆመው ስለነበር ካቻቪቴ አነሣሁና ገጠምኩት። ኮምፒውተሩም ተነሣ።

ለአሥራ አንድ ቀን ሠራ። በእነዚያ ቀናት ኮምፒውተሩ ሁለት ጊዜ በራሱ ጠፍቶ ተነሥቷል፤ ረጅም ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር ደግሞ ከኋላው ሞቅ ያለ የቀለም ሽታ ይወጣ ነበር፤ አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዝናብ በሚዘንብበት ከሰዓት፣ አንዲት ተመራቂ ጫማዋ ረጥቦ ስለገባች በር ላይ አውልቃ በእርጥብ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ቆመች። ፍላሽ ዲስኳን በኮምፒውተሩ ፊት ለመሰካት ጎንበስ ብላ በግራ እጇ የኬዙን ብረት ስትይዝ ጮኸችና እጇን ሰበሰበች። "ኮረንቲ ያዘኝ!" አለች። ፊቷ ተለውጦ ነበር። ውኃ አጠጣናት፣ አስቀመጥናት፣ ጉዳት አልደረሰባትም፤ እኔ ግን ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በየቀኑ የሰው ልጆች የሚገቡበትን ክፍል የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ያን ብረት እዚያ ያቆምኩትም እኔ ነኝ።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ከሒሳብ ጠረጴዛው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ በመጀመሪያው ቀን አላየሁትም ነበር። ወጣቱ በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ከዚያም ፓወር ሰፕላዩን በአጭር ሽቦ አስነሥቶ ማራገቢያው ሲዞር አሳየኝና "እትዬ፣ ይሠራል እኮ፤ ኮረንቲው ከቤትዎ መስመር ይሆናል" አለኝ። ይህ አባባሉ ግማሽ እውነት እንደነበረው በኋላ ደርሼበታለሁና ወደዚያ እመለሳለሁ። ሊያደርግልኝ የፈቀደው ነገር ያንኑ ዕቃ በሌላ ተመሳሳይ ዕቃ መቀየር ብቻ ነበር። ማራገቢያው መዞሩ ዕቃው ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም፤ ሸክም ሳይኖርበት፣ ማለትም የሚመግበው ዕቃ ሳይገናኝበት፣ የሚዞር ፓወር ሰፕላይ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጠፍቶ እንደሚንከባለል መኪና ነው፤ መሄዱ ስለ ሞተሩ ምንም አይነግርም። ቅያሪውን ሳልቀበል ዕቃውን ይዤ ወጣሁ።

የጥገና ክፍሉን የጠቆመችኝ ያችው ጎረቤቴ ናት። ቦታው አባይ ማዶ ነው፤ ድልድዩን ተሻግራችሁ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ስትገቡ ምልክት የሌለው፣ በሩ አረንጓዴ የተቀባ አንድ ክፍል ታገኛላችሁ። ጠጋኙ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ፖሊ (የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ) እንደተማሩና አብዛኛውን ዘመናቸውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ እንደኖሩ ነገሩኝ። መስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው በታች ወለሉ ላይ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ብሎኖቹ፣ ፊውዞቹና ትናንሽ ዕቃዎቹ በባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ተለይተው ተቀምጠዋል። ጉዳዩን ስነግራቸው በመጀመሪያ የጠየቁኝ ዕቃው ስንት እንደተገዛ ሳይሆን "ልጅቱ ደህና ናት?" የሚለውን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ እያሳዩኝ ነው ያደረጉት፤ እኔም በዚህ ግምገማ ላይ የምዘረዝረው ሌላው ሰው ዕቃ ሲገዛ ምን ማየት እንዳለበት ስለሚያስረዳ ነው።

ከጎኑ በተለጠፈው ወረቀት ጀመሩ። "500 የሚለውን ተዪው፤ ይህን አንብቢ" ብለው ቢጫው መስመር ላይ ጣታቸውን አኖሩ። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ በቢጫ ሽቦ 12 ቮልት፣ በቀይ 5 ቮልት፣ በብርቱካናማ 3.3 ቮልት ያወጣል፤ የዘመናችን ኮምፒውተሮች ዋና ሥራቸውን የሚሠሩት፣ ፕሮሰሰሩንም ጨምሮ፣ በ12 ቮልቱ ነው። በእኔ ዕቃ ላይ ከ12 ቮልት ጎን የተጻፈው 14 አምፒር ነበር። አሥራ ሁለትን በ14 ስናባዛ 168 ዋት ይመጣል። እንግዲህ በካርቶኑ ላይ 500 ተብሎ የተሸጠው ዕቃ፣ የራሱ ወረቀት እንኳ ቢታመን፣ በዋናው መስመር የሚሰጠው 168 ዋት ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የአምራቹ ስም የለም፤ ከ220 ቮልት ስንት አምፒር እንደሚስብም አልተጻፈም።

ቀጥለው ሸክም ጫኑበት። ለዚህ የሚጠቀሙት ባለ 12 ቮልት፣ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖሎችን ነው፤ በጣውላ ላይ ሦስት ደርድረው እያንዳንዱን በየራሱ ማብሪያ አገናኝተውታል። መልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያውን) በቢጫውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል ሰኩት። አንድ አምፖል ሲበራ 11.87 አነበበ፤ ሁለት ሲበሩ ወደ 11.46 ወረደ፤ ሦስተኛው ሲጨመር 10.92 ላይ ቆመ፣ አምፖሎቹም ሲደበዝዙ በዓይን ይታዩ ነበር። የፓወር ሰፕላይ መለኪያ ደንቡ 12 ቮልቱ ከአምስት በመቶ በላይ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች እንዳይወጣ ይጠይቃል፤ ይህም ከ11.40 እስከ 12.60 ማለት ነው። በ10.92 ኮምፒውተር በራሱ ቢጠፋ አያስደንቅም። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ እኔ የማውቀው ያ ሞቅ ያለ የቀለም ሽታ መጣ፤ እሳቸውም ወዲያው አጠፉት።

ከመክፈታቸው በፊት ከሶኬቱ ነቀሉትና ጥቂት ጠበቁ። እኔ ከተነቀለ በኋላ አደጋ የለውም ብዬ አስብ ነበር። ውስጡን ገልጠው ሁለቱን ትልልቅ ካፓሲተሮች ሲለኩ ግን መልቲሜትሩ ከ150 ቮልት በላይ አሳየ። 220 ቮልቱ ተጣርቶ ወደ ቀጥተኛ ኮረንቲ ሲለወጥ ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል፤ እነዚህ ካፓሲተሮች ያን ያጠራቅማሉ፤ ሲነቀል ቀስ በቀስ የሚያፈስላቸው ትንሽ ሬዚስተር ከሌለ ደግሞ እንደያዙ ይቆያሉ። ጠጋኙ ግራ እጃቸውን ወደ ኋላቸው አድርገው በቀኝ እጃቸው ብቻ ሁለት ሽቦ የተቀጠለበትን አሮጌ የቤት አምፖል አስጠጉ፤ ክሩ ለቅጽበት ቀላ አለና ጠፋ። ሁለት እጅ አንድ ላይ ከገባ ኮረንቲው በደረት በኩል መንገድ ያገኛል አሉኝ። በዩቲዩብ አይታችሁ ፓወር ሰፕላይ በቤታችሁ ለመክፈት የምታስቡ ሁሉ ያን የቀላ ክር አስቡልኝ፤ እባካችሁ አትክፈቱት።

ውስጡ የነበረው ነገር አሳዘነኝ። የኤሌክትሪኩ መግቢያ አካባቢ ሰሌዳው ላይ የዕቃዎቹ ሥዕልና ቀዳዳ ታትሟል፤ ዕቃዎቹ ግን የሉም። የመስመሩን ረብሻ የሚያጣራው ጥቅል ሽቦ መኖር በነበረበት ቦታ ሁለት ቁራጭ ሽቦዎች ተበይደው መግቢያውን በቀጥታ አሻግረውታል። ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲመጣ ራሱን ሠውቶ ሌላውን የሚያድነው ቫሪስተር የተባለው ክብ ዕቃ ቦታው ባዶ ነው። ሁለቱ ካፓሲተሮች እያንዳንዳቸው 200 ቮልት የሚችሉ ናቸው፤ ተከታትለው ሲገናኙ 400 ቮልት ይሸከማሉ፤ የሰፈራችን መስመር መብራት ተመልሶ ሲመጣ ወደ 283 ቮልት ቢዘል ያ ገደብ ላይ ይደርሳሉ፣ የሚከላከልላቸውም የለም። ከኋላው ደግሞ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ አለው፤ ልጅ ወይም ጽዳት ሠራተኛ ሳያውቁ ወደ 115 ቢገፉትና ቢበራ፣ ቮልቴጁን በእጥፍ ስለሚያሳድገው ካፓሲተሮቹ ይፈነዳሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን በጣም ቀላሉ ነገር ነበር። ገመዱ የሚሰካበት መግቢያ ሦስት እግር አለው፤ መካከለኛው የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ወደ ብረቱ ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ የሚያያዝበት ነው። ከዚያ እግር ወደ ብረቱ ቆርቆሮ መሄድ የነበረበት ሽቦ አልተበየደም። ተበይዶ የተነቀለም አይደለም፤ እግሩ ላይ የብየዳ ምልክት እንኳ የለበትም። ከፍተኛውን ቮልቴጅና የኮምፒውተሩን ወገን በሚያገናኘው ቦታ ደግሞ ለዚህ አደገኛ ሥፍራ ተለይቶ የሚሠራው የደኅንነት ካፓሲተር ሳይሆን ተራ ካፓሲተር ተገጥሟል። "ይህ እስካልተበሳ ድረስ የሚያሳልፈው ጥቂት ነው፤ ልጅቱን የነዘራት እሱ ነው። የተበሳ ዕለት ግን 220ው እንዳለ ወደ ብረቱ ይመጣል፤ የሚወስደው የመሬት ሽቦም የለም" አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"እንግዲህ ጋሼ፣ የጎደለውን ሁሉ ይግጠሙልኝና ልክፈል" አልኳቸው። እኔ የገዛሁት ዕቃ መዳን አለበት የሚል ሐሳብ ነበረኝ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ የሚጠገነው የነበረና የተበላሸ ነው። ይህ ከመጀመሪያውም አልነበረም። የጎደለውን ልግጠም ብል ከዋጋው በላይ አስወጣሻለሁ፤ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ትራንስፎርመሩ ትንሽ ነው፤ እሱን አልለውጠውም። ጠግኜ ብሰጥሽ በእኔ እጅ ያለፈ ነው ብለሽ ታምኚዋለሽ፤ ያ ይከፋል።" ለምርመራው 200 ብር ብቻ ተቀበሉኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ወስደው ነበር። እኔ በሕይወቴ ብዙ ባለሙያ ከፍያለሁ፤ ልከፍለው የተዘጋጀሁትን ገንዘብ ስለ እኔ ደኅንነት ብሎ የመለሰ ባለሙያ ግን ከዚያ በፊት አልገጠመኝም።

ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ አሮጌውን የት እንዳደረስኩት ነበር። ደግነቱ አልጣልኩትም። በማግስቱ ወሰድኩላቸው፤ ሲከፈት ሱቁ "አልቆለታል" ያለው ዕቃ ታሪኩ ሌላ ሆነ። ቫሪስተሩ ተሰንጥቆ ጠቁሯል፤ ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ደኅና ነበር። በዚያ ምሽት ተሠርቶ የነበረበትን ሥራ ሠርቷል፤ ራሱን ዘግቶ ማዘርቦርዱንና የተማሪዎቹን ጽሑፍ የያዘውን ዲስክ አድኗል። ከእርጅና የተነሣ በውጤቱ ወገን ሦስት ትናንሽ ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ነበር። ቫሪስተሩን፣ ፊውዙንና ሦስቱን ካፓሲተሮች ቀየሩ፤ ለካፓሲተሮቹ እስከ 105 ዲግሪ የሚችሉትን መረጡ፤ ምክንያቱም የካፓሲተር ዕድሜ የሚሠራበት ሙቀት አሥር ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር በግምት በእጥፍ ይረዝማል፣ ባሕር ዳር ደግሞ ሞቃት ከመሆኗም በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሳሳ ያለው አየር ዕቃን በማቀዝቀዝ በኩል ከቆላው አየር ያንሳል። ከማራገቢያው ውስጥ በክረምት ምሽት ብርሃን ፍለጋ ከሐይቁ ወገን የሚመጡ ትናንሽ በራሪ ነፍሳት ከአቧራ ጋር ተጣብቀው እንደ ጭቃ የሆኑትን በቡሩሽ አወጡ። ሦስቱ አምፖሎች በሙሉ ሲበሩ 11.94 አነበበ፣ ለሃያ ደቂቃም ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ዋጋው 650 ብር ሆነ።

ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አሮጌውን ገጥሜ በማግስቱ የኬዙን ብረት በጣቴ ጀርባ ስነካው አሁንም ቀለል ያለ ንዝረት ተሰማኝ። ወደ ጠጋኙ ስደውል ወዲያው የጠየቁኝ "ሶኬቱ በጎኑ መዳብ አለው?" የሚል ነበር። አልነበረውም። የተከራየሁት ቤት ሁለት ሽቦ ብቻ የተዘረጋበት ነው፤ የመሬት ሽቦ በግድግዳው ውስጥ ጨርሶ የለም። ጥሩ ፓወር ሰፕላይም ቢሆን ረብሻን ወደ መሬት የሚያወርዱ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉት፤ የሚያወርዱበት መሬት ሲጠፋ ብረቱ የመስመሩን ግማሽ ያህል ቮልቴጅ ይዞ ይንሳፈፋል፤ ኮረንቲው እጅግ ጥቂት ቢሆንም ኮምፒውተሩ፣ ስክሪኑና ፕሪንተሩ በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሲደመሩ ይሰማል። የሱቁ ወጣት "ከቤትዎ መስመር ይሆናል" ያለው በዚህ በኩል እውነት ነበረው፤ የመስመሩ ጉድለት ግን ሽቦ ያልተበየደበትን ዕቃ ጤነኛ አያደርገውም። የእኔን ሶኬት ባስተካክለውም ያ ዕቃ ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አልነበረውም።

የቤቱን ባለቤት አነጋገርኳቸው፤ ወጪውን እኩል ተካፈልን። የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ በጓሮ በኩል የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበረ፤ ክረምት ስለነበረ አፈሩ እርጥብ ነበር፣ ዘንጉም ሳያስቸግር ገባ። ከዘንጉ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ አምጥቶ ወደ ቆጣሪው ሳጥን አስገባ፣ በክፍሌ ያሉትን አምስት ሶኬቶች ሁሉ በጎናቸው መዳብ ባላቸው ቀየረ። ከመሥራቱ በፊት በኬዙና በዘንጉ መካከል ሲለካ 104 ቮልት ነበር፤ ከሠራ በኋላ አንድ ቮልት አልሞላም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ 104 ቮልት ከደንበኞቼ እጅ አጠገብ እንደነበረ ማወቅ ቀላል አይደለም። ተከራይታችሁ የምትሠሩ ሁሉ ዛሬውኑ ሶኬታችሁን እዩ።

የምርመራውን ውጤት በፎቶ ይዤ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ብሎኑ ላይ የነበረው ወረቀት ስለተቀደደ ዋስትናው እንደፈረሰ ነገሩኝ። ይህን ክርክር ከእነሱ ወገን ሆኜ ለማየት ሞክሬያለሁ፤ ማንም ዕቃ ከፍቶ ካበላሸ በኋላ ቢመልሰው ነጋዴ ይጎዳል። ይሁን እንጂ ያልተበየደ ሽቦ ሰው ከፍቶ የሚያጠፋው ነገር አይደለም፤ ከፋብሪካው የመጣ ጉድለት መሆኑ እግሩ ላይ ይነበባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይህን ደረሰኜን ይዤ በጨዋነት ነገርኳቸው። ባለቤቱ ራሳቸው መጡ፣ ፎቶዎቹን አዩ፣ ከአዲስ አበባ በጅምላ ተጭኖ የመጣ ዕቃ እንደሆነና ውስጡን እሳቸውም አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። አመንኳቸው። በመጨረሻ 900 ብር በዕቃ መለሱልኝ፤ ኪቦርድና ማውስ ወሰድኩ። በሁለት ሳምንቱ በዚያ በኩል ሳልፍ ግን ያው ካርቶን በዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። ግማሽ ገንዘቤ ሳይመለስ መቅረቱን ልረሳው እችላለሁ፤ ይህን ግን አልረሳውም። ሱቁን ለኪቦርድ፣ ለኬብልና ለቀለም ካርትሪጅ እመክራለሁ፤ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር ለሚገናኝ ዕቃ ግን አልመክርም።

ስለ ጥገና ክፍሉም እንከኑን ልናገር። ደረሰኝ አይሰጡም፤ ስለዚህ ወጪውን በመዝገብ ማሳየት ለሚገባው መሥሪያ ቤት አይመቹም። ስልካቸውን ሁልጊዜ አያነሡም። ሁለት ቀን ያሉኝ ጥገና አምስት ቀን ፈጅቷል፤ በሰኔ አምስት ቀን ለእኔ ብዙ ነው። የሚገጥሟቸው ዕቃዎችም ሁሉም አዲስ አይደሉም፤ አንዳንዱ ከሌላ አሮጌ ማሽን የተፈታ ነው። ይሁንና የትኛው አዲስ የትኛው የተፈታ እንደሆነ ሳይጠየቁ ይናገራሉ፤ የተፈታውንም በፊታችሁ ለክተው ነው የሚገጥሙት። የፋብሪካ ፓወር ሰፕላይ ያላቸው የቢሮ ማሽኖች፣ በተለይ ያገለገሉት ዴልና ኤችፒ፣ ብዙዎቹ ከተለመደው ባለ 24 እግር ሶኬት የተለየ መሰኪያ ስላላቸው ከገበያ የተገዛ ዕቃ አይገጥማቸውም፤ ለእንዲህ ያሉት አሮጌውን ማስጠገን ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው፤ እሳቸውም በዚህ ይታወቃሉ።

አዲስ መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃውን ይዛችሁ ወደ እሳቸው ብትሄዱ በአምፖሎቻቸው ይፈትኑላችኋል፤ ሻጩ ለአንድ ሰዓት በመያዣ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት፤ እምቢ ካለ ያን ዕቃ አትውሰዱ። እኔ ከዚያ ወዲህ ለሁለተኛው ኮምፒውተሬ የገዛሁት እንዲህ ተፈትኖ ነው፤ ሻጩ ሌላ ነው፤ የአምራቹ ስምና የ12 ቮልቱ አምፒር በግልጽ ተጽፎበታል፤ በጎረቤቴ ሚዛን ላይም 1 ኪሎ ከ700 ግራም መዝኗል።

ክፍሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራሉ፤ በዐቢይ በዓላት አይገኙም። ስትሄዱ ሙሉውን ኬዝ መሸከም አያስፈልግም፤ ፓወር ሰፕላዩንና የሚሰካበትን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ገመዱም ሊታይ ይገባዋልና። የእኔን 610 ግራም ዕቃ ማንም አንሥቶ መልሶ እንዳይጠቀምበት ሽቦዎቹን ከሥራቸው ቆርጠውታል፤ ባዶ ቆርቆሮው አሁንም ጠረጴዛቸው ላይ አለ፤ ለሚጠይቃቸው ሰው ያንን ያልተበየደ እግር ያሳዩበታል።